እንጦጦ የማን ትዝታ ነው?

እንጦጦ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥትና የማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። በየካ በኩል ደግሞ ከዐለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ። «ታዲያ የእኛ ምኑ ነው?» ያለኝ ሙስሊም ወንድም አለ። አልፈርድበትም፤ እኔም በልጅነቴ ጠይቄዋለሁ።

ያንን ዳገት ግን ለብዙ ዓመታት የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው የወረዱ እናቶች አሉ። የከተማይቱ እንጀራ በዚያ እንጨት ተጋግሯል፤ የረመዷን ሾርባችንም በዚያው ፈልቷል። ተሸካሚዋ ቤተ ክርስቲያን ትሳለም ወይስ መስጊድ ትስገድ፣ ምድጃው አልጠየቃትም። የንጉሡ ቤት ተመዘገበ፤ እሷ ግን የደን ዘበኛ ስታይ እንደ ሌባ ስትደበቅ ኖረች።

ምስክርነት አማና ነው። ምድር በቂያማ ቀን በላይዋ ስለተሠራው ሁሉ ትመሰክራለች ብለን የምናምን ሰዎች፣ ሸክሙን ትተን ዙፋኑን ብቻ ብንጽፍ ምስክርነታችን ጎደሎ ነው። የቤተ መንግሥቱና የዋሻው ታሪክም በልኩ ይነገር፤ የእኛ አይደለም ብሎ ማሳነስ (ይህ በእኛ ዘንድ አይጠፋም) ዙልም ነው።

በ2013 ዓ.ም ወደተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለሽርሽር የወጣ ሰው፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ሲመለስ ከደጃፋቸው የተቀመጡ አዛውንት እናት ቢያገኝ፣ ስንት ዓመት እንደተሸከሙ ይጠይቃቸው። ፈቃዳቸው ከሆነ ስማቸውንም ይጻፍ።