ሥራውን መውደድ፣ ሠሪውን መናቅ

ሰው የእጅን ሥራ እያከበረ የእጁን ባለቤት ሊንቅ ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ ቀላል መስሎ ቢታይም የብዙዎቻችንን ሕሊና የሚመረምር ነው።

በኢጣልያ አገር፣ በፍሎሬንስ አቅራቢያ፣ ሞንቴሉፖ በምትባል ጥንታዊት የሸክላ ከተማ፣ አልዶ ሎንዲ የተባለ ባለ ጥበብ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በቢቶሲ ፋብሪካ የጥበብ መሪ ሆኖ፣ በእጅ የተጌጡና እንደ መስተዋት በሚያበራ ሰማያዊ ቀለም የተለበጡ የሸክላ ዕቃዎችን አሠራ። ዛሬ እነዚህን በብዙ ዋጋ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ሰብሳቢው ዕቃውን ባገኘ ጊዜ አስቀድሞ ገልብጦ መቀመጫውን ይመለከታል፤ የሠሪውን ምልክት ይፈልጋልና። ፍቅሩ ወደ ስስት ሲያዘነብል ነውር መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ሠሪውን በመጠየቁ ከእኛ ይሻላል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ጃጁራን በመሰሉ የሐድያና የከምባታ ገበያዎች እናቶች ገንቦውን፣ ምጣዱንና ጀበናውን ደርድረው ይሸጣሉ። አፈሩን ቆፍረው፣ ወቅጠውና ነፍተው፣ ያለ መንኰራኵር በእጃቸው ብቻ ያቆሙታል፤ በለሰለሰ ድንጋይ ይወለውሉታል፤ አድርቀውም በእሳት ያበስሉታል። ቆጮው የሚጋገረው፣ ጎመኑ የሚቀቀለው፣ ቡናው የሚፈላው በእነርሱ እጅ ሥራ ነው። ገዢው ገንቦውን በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ይሰማል፤ የሠሪዋን ስም ግን አይጠይቅም። ከዚህም የከፋ፣ ሸክላ ሠሪዎች ለብዙ ዘመን ርስት ተከልክለው፣ በሚያዋርድ ስም ተጠርተው፣ ከጋብቻና ከማዕድ፣ በአንዳንድ ስፍራም ከመቃብር ተለይተው ኖረዋል። በሰሜኑም አገር «ቡዳ» እየተባሉ ተሰድበዋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን መስደብ ከለከሉ፤ የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅም ርስት ለተነፈገው በር ከፈተ። ሆኖም አዋጅ ምላስን ይገታል እንጂ ልብን አያነጻም። ይህ የካህናትና የመምህራን አደራ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያስተምሩናል? እግዚአብሔር አዳምን ከምድር አፈር አበጀው (ዘፍ. 2፥7)። ነቢዩ ኤርምያስ ቃሉን ይሰማ ዘንድ የተላከው ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ነው (ኤር. 18፥1-6)፤ ወደዚያም ቤት መግባትን አልተጸየፈም። ጌታችን በተሸጠበት ብር የሸክላ ሠሪ መሬት ተገዝቶ የእንግዶች መቃብር ሆነ (ማቴ. 27፥7)። እንግዳው በሸክላ ሠሪ መሬት ካረፈ፣ እኛ ሸክላ ሠሪውን ከማረፊያው እንዴት እንለያለን?

«የአባቶች ልማድ ነው» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ላለው ወንድም ጥያቄያችን አንድ ነው፤ የማኅበርህ ጽዋ ከማን እጅ ወጣ? የሠሪዋ እጅ የሚያረክስ ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ ጽዋው በረከሰ ነበር። ከሸክላው እየጠጣን ሸክላ ሠሪዋን ከማኅበሩ የምናርቅ ከሆነ፣ ርኩሰቱ በልባችን እንጂ በእጇ አይደለም።

ስለዚህ፣ ምእመናን ሆይ፣ በሚመጣው የገበያ ቀን ገንቦ ስትገዙ የሠሪዋን ስም ጠይቁ። በሰንበቴውና በዝክሩ ከመካከላችሁ አስቀምጧት፤ ስትሞትም ከወገኖቻችሁ ጋር ቅበሯት። ሁላችንም በአንዱ ሠሪ እጅ ያለን ጭቃ ነንና፣ እርሱ ያከበረውን እኛ አናዋርድ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።