ፍሙን ወደ ቤት ለምታስገቡ

ይህ ተግሣጽ ለማያውቅ ሰው አልተጻፈም። እያወቃችሁ ለምታደርጉት ለእናንተ ነው። ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው እንደሚገድል ከልጅነታችሁ ጀምሮ ስትሰሙ ኖራችኋል። ሆኖም ብርዱ ሲበረታ፣ ካፊያው ሲጀምር ወይም በረዶው ሲወርድ፣ ደጅ ቆሞ ሥጋ ማገላበጥ ይታክታችኋል። ያን ጊዜ ማንደጃውን አንሥታችሁ ትገባላችሁ፤ አንዳችሁ እስከ ጋራዡ፣ አንዳችሁ እስከ ሳሎኑ፣ አንዳችሁም እስከ መኝታ ቤቱ። እጃችሁን ከብርድ ለማዳን ስትሉ የልጆቻችሁን ትንፋሽ መያዣ ታደርጋላችሁ።

«ጭሱን ጨርሷል፤ አሁን ምንም አይልም» ትላላችሁ። ከሰበቦቻችሁ ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ጭሱማ ዓይን እየቆጠቆጠ፣ ጉሮሮ እየከረከረ ሰውን ከቤት ያስወጣል። ከሰሉ ቀልቶ ነጭ አመድ ሲለብስና ቤቱ ጥርት ሲል ነው መፍራት። በፍሙ መካከል የሚያልፈው አየር ኦክስጅን ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ይፈጠራል። ይህ ጋዝ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። አፍንጫችሁ የጥብሱንና የዕጣኑን መዓዛ ሲለይ እሱን አይለየውም። ጣሪያ ላይ የተሰቀለው የጭስ ማንቂያም ዝም ማለቱ አያጽናናችሁ፤ የተሠራው ለጭስ ነውና ይህን ጋዝ አያውቀውም።

ጋዙ ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። ሰውየው ይተነፍሳል፤ ደሙ ግን ባዶውን ይመላለሳል። ራሱን ያመዋል፤ ያዞረዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ጉልበቱ ይከዳዋል። ጉንፋን የጀመረው መስሎት ጋደም ይላል። ከዚያ በኋላ በሩን ልክፈት ቢል እንኳ የሚነሣበት አቅም አይኖረውም። ሕፃን ከትልቅ ሰው ቀድሞ ይጎዳል፤ በማኅፀን ያለው ፅንስም ከእናቱ የባሰ ይጎዳል። እናንተ ግን የወደቀውን ወተት ልታጠጡት፣ ሎሚ ልታሸቱት ትሯሯጣላችሁ። ወተትና ሎሚ ጋዙን ከደም አያስወጡም። የሚያስወጣው ኦክስጅን ነው። በንጹሕ አየር ብቻ በደም ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ እስኪቀንስ አራትና አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሆስፒታል በሚሰጠው ንጹሕ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ሎሚ ፍለጋ ያጠፋችሁት ደቂቃ ከሰውየው ዕድሜ የተቆረሰ ነው።

በሰው አገር የምትኖሩትስ «ማን ነገረን» ልትሉ ነው? እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 1993 የአሜሪካዋን ከተማ ሲያትልንና አካባቢዋን የመታ ማዕበል መብራት ቢያጠፋ፣ ብዙ ሰው ለማብሰልም ለመሞቅም ከሰሉን ወደ ቤት አስገባ። በዚያ ሰሞን በዚህ ጋዝ ተመርዘው ከታከሙት 80 ያህል ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የመረዛቸው ከሰል ነበር፤ ከእነዚያም የሚበዙት እንግሊዝኛ የማይናገሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የከሰል ከረጢት ሁሉ፣ ቤት ውስጥ፣ ድንኳን ውስጥና መኪና ውስጥ ከሰል ማንደድን በሥዕል እንዲከለክል ተደነገገ። ሥዕል የሆነው ለምንድን ነው? ቋንቋ ያልተማረው አዲስ መጤም እንዲያየው ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 ሌላ ማዕበል መጣ፤ ያው ጥፋት ተደገመ፤ ሰው ሞተ። ሲያትል ታይምስ ጋዜጣ ማስጠንቀቂያውን በፊት ገጹ ላይ በበርካታ ቋንቋዎች እስከ ማተም ደረሰ። ከዚህ በላይ እንዴት ይነገራችሁ? እየቀደዳችሁ የምትከፍቱት ከረጢት ራሱ እየነገራችሁ ነው።

የገና በዓል በዚያ አገር ብርዱ በሚከፋበት ወቅት ይውላል። ጥብስ ያለ ከሰል አይጥማችሁም፤ ይሁን። እንግዳ ሞልቷል፤ ይሁን። ነገር ግን «የጋራዡን በር ገርበብ አድርጌዋለሁ» የሚል ሰው ማንን ያታልላል? ገርበብ ያለ በር ብርዱን ያስገባል እንጂ ጋዙን አሟጦ አያስወጣም፤ ከጋራዡም ወደ ሳሎኑ መንገድ አያጣም። እንግዳ የተቀበላችሁት ልታከብሩት ነው ወይስ ልትመርዙት? በግ ገዝታችሁ፣ ዶሮ ወጥ ሠርታችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ብርድ ላይ መቆም ግን ከበዳችሁ። ይህን ስንፍና እንግዳ ተቀባይነት ብላችሁ አትጥሩት።

አገር ቤት ያላችሁትም ከዚህ አታመልጡም። በሐምሌ ዝናብና በታኅሣሥ ውርጭ ዘበኛችሁን በቆርቆሮ ቤት አሳድራችሁ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ መግዛት ሲሳሳችሁ የተረፈ ፍም ትሰጡታላችሁ። ለቸርነታችሁም ምስጋና ትጠብቃላችሁ። አራስ ቤት ነፋስ እንዳይገባ መስኮቱን በጨርቅ ወትፋችሁ ማንደጃውን ከአልጋው አጠገብ ታኖራላችሁ፤ ነፋስ ፈርታችሁ አራሷንና ጨቅላውን ለማይታይ ገዳይ ትሰጣላችሁ። በአንዲት የኪራይ ክፍል የሚያድሩ ወጣቶች ሽሮ ያበሰሉበትን ከሰል ሳያወጡ አጠገቡ ይተኛሉ፤ አከራያቸው እያየ ያልፋል። ከሰሉ የሚሸጥበት ጆንያ ሥዕል የለበትም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው እናንተ ልትሆኑ ይገባችሁ ነበር።

አልሆናችሁም። ለምን? ይሉኝታ ያዛችሁ። ሰው ቤት ገብታችሁ ማንደጃው በተዘጋ ክፍል ሲግል ታያላችሁ፤ ራሳችሁን ከበድ ይላችኋል፤ «ቤቱን ያጣጣልኩ እንዳይመስል» ብላችሁ ሁለተኛውን ቡና ትጠጣላችሁ። ባለቤቱ ደግሞ «እንግዳው በረደው እንዳይል» ብሎ መስኮቱን ይብስ ይዘጋል። ሁለት ጨዋዎች በጨዋነታቸው ሲገዳደሉ ማን ይገላግላቸው? በማግሥቱ ለቅሶ ቤት ተሰብስባችሁ «ቀኑ ደርሶ ነው» ትላላችሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቀኑማ የደረሰው እናንተ ስላደረሳችሁት ነው። እግዚአብሔር ያልለኮሰውን ከሰል ለእርሱ አትቁጠሩበት። ማንደጃውን ያስገባው እጅ የታወቀ ነው፤ አይቶ ዝም ያለው አፍም የታወቀ ነው።

ለመብራትና ለጋዝ የሚከፍለው አጥቶ ከሰል ብቻ የቀረው ድኻ አለ፤ ተግሣጹ በእርሱ ላይ አይከብድም። ድህነት ግን ፍሙን ቤት ውስጥ ለማሳደር ምክንያት አይሆንም። ደጅ አብስሎ ምግቡን ይዞ መግባት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ብርድ ላይ ማብሰል የማይቻል ነገር አይደለም። ካፖርት ልበሱ፤ ጋቢ ደርቡ፤ የሚንዘረፈፈውን ጫፍ ግን ከእሳቱ አርቁ። ማንደጃውን ከቤቱ፣ ከበሩና ከመስኮቱ አርቃችሁ፣ የሚነድ ነገር በሌለበት ደልዳላ መሬት ላይ አኑሩ። ብርድና ነፋስ ሙቀት ስለሚሰርቁ ከሰሉን ከወትሮው ጨመር አድርጉ፤ እስኪግል ታገሡ። ክዳን ያለው ማንደጃ ከሆነ ሥጋውን ለማየት በየደቂቃው አትክፈቱት። ብቻችሁን አትቁሙ፤ ተፈራረቁ። ስትጨርሱ ፍሙን «ጠፍቷል» ብላችሁ አታስገቡት፤ አመድ ለብሶ እስከ ማግሥቱ ሊቆይ ይችላል። ውኃ አፍስሱበት፤ ወይም ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ከትታችሁ ደጅ ተዉት። አቅም ያላችሁ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ግዙ፤ ማንቂያው ለሌላ የቤት አደጋ ነው እንጂ ከሰል ለማስገባት ፈቃድ አይደለም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ዛሬ ማታ ሰው ቤት ሄዳችሁ ማንደጃውን ውስጥ ካያችሁት አትቀመጡ። ይቅርታ ሳትጠይቁ በሩን ክፈቱ፤ ቤት ያሉትን ሁሉ አስወጡ፤ ፍሙንም ደጅ አውጡ። ባለቤቱ ቢቀየም ይቀየም፤ የተቀየመ ሰው በሽማግሌ ይታረቃል፤ የሞተ ግን አይታረቅም። የሚያመው ካለ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የራሳችሁን ማንደጃ ዳግመኛ ወደ ቤት ስታስገቡ ብትገኙ ግን፣ አላወቅሁም ነበር የምትሉት ቃል ከእንግዲህ የለም።