ሁለቱ ሌቦች

አሮጌ ፊልም በቤት ሲከፈት ታናናሾቻችን «ይኼ ቀለም እንኳ የለው!» ብለው ለመነሣት ይቸኩላሉ። የብዙዎቹ አሮጌ ፊልሞች ነገር እኔንም አይዘኝም፤ እንባቸው የበዛ፣ ሙዚቃቸው የጮኸ ነው። ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 ያዘጋጀው «የብስክሌት ሌቦች» የተሰኘው የኢጣልያ ፊልም ግን በቤታችን ያስነሣው ክርክር ሳምንት ሙሉ አላባራም።

ታሪኩ አጭር ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሮማ ከተማ ሥራ አጥቶ የኖረው አንቶኒዮ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል፤ ብስክሌቱ ደግሞ በመያዣ ተይዟል። ሚስቱ ማሪያ የአልጋውን አንሶላ ገፍፋ በማስያዝ ታስለቅቅለታለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን፣ መሰላል ላይ ቆሞ ሲለጥፍ፣ አንድ ወጣት ብስክሌቱን ይዞበት ይሄዳል። አንቶኒዮ ከትንሹ ልጁ ከብሩኖ ጋር ከተማውን ሲያስስ ይቆያል፤ አልሆን ሲለው በመጨረሻ ከስታዲዮም አጠገብ የሌላ ሰው ብስክሌት ይሰርቃል። (አንቶኒዮን ሆኖ የሠራው ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ ተዋናይ አልነበረም፤ ፊቱ ላይ ያለው ድካም የተጠና አይመስልም።)

እንግዲህ ጥያቄው ከዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ወጣት ሲሰርቅ በቤታችን ያለው ሁሉ «ያዘው! ያዘው!» አለ። አንቶኒዮ ሲሰርቅ ግን ያው ሰው ሁሉ «ሩጥ!» አለ፤ ባለሱቁ ተሳስቶ ያበዛላትን መልስ ወስዳ የምትመልሰው እናቴ እንኳ ሳትቀር። ድርጊቱ አንድ ነው፤ ድህነቱም አንድ ነው። የወጣቱን ቤት ፊልሙ ለጥቂት ጊዜ አስገብቶ ያሳየናል፤ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ልዩነቱ የአንቶኒዮ አንሶላ ከአልጋው ሲገፈፍ ማየታችን ብቻ ነው። ታዲያ የፈረድነው በድርጊቱ ነው ወይስ አስቀድመን በገባንበት ቤት?

«ኑሮውን ላወቅንለት ሌባ ሁሉ ምሕረት ይገባዋል ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። እኔ እንዲህ አልልም። ማወቃችን ስርቆቱን ስርቆት ከመሆን አያድነውም፤ ሰውየውን «ሌባ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልለን እንዳንጥለው ግን ያስቸግረናል። የሁለተኛው ብስክሌት ባለቤትም የገጠመው ይኸው ነው፤ የብሩኖን ለቅሶ አይቶ አንቶኒዮን ይለቀዋል። ደግ ሰው ነው። ነገር ግን የእርሱ ብስክሌት ተመልሶለታል! ያልተመለሰለት አንቶኒዮ ያንን ወጣት ይቅር ይበለው ብሎ መፍረድ፣ እራቱን በልቶ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ቀላል ነው፤ ለአንቶኒዮ ግን የነገ እንጀራ ነው።

ፊልሙ በአሜሪካ ሲታይ ስሙን በነጠላ አድርገው «የብስክሌት ሌባ» ብለውት ነበር። የኢጣልያኖቹ የብዙ ቁጥር ይሻላል፤ ምንም እንኳ ስሙን አስቀድሞ የሰማ ሰው ሁለተኛውን ሌባ ከጅምሩ ቢጠብቅ።

በመጨረሻ ብሩኖ የአባቱን እጅ ይይዝና በሕዝቡ መካከል ይጠፋሉ። ቤት ሲደርሱ ለማሪያ ምን እንደሚሏት አናይም። እናቴ «ይነግራታል» ትላለች። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ወንድሜ ግን «እሱ ቢነግራትም ብሩኖ አላየሁም ነው የሚለው» ብሎ ድርቅ አለ።