ቁራኛ የሌለው ዕዳ

ዕዳ የሁለት ሰዎች ነገር ነው፤ የሰጪና የተቀባይ። አባቶቻችን ይህን በቃል ብቻ ሳይሆን በጨርቅ ቋጠሮ ያውቁት ነበር። ባለ ገንዘቡና ባለ ዕዳው የልብሳቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥሮ፣ አንዳንድ ጊዜም በሰንሰለት ተያይዘው፣ ነገሩ እልባት እስኪያገኝ አብረው ይውላሉ፤ አብረውም ያድራሉ። ይህ ቁራኛ ይባል ነበር። ሥርዓቱ ጨካኝ ነበርና ተመልሶ ይምጣ አልልም። ሆኖም አበዳሪው ሌላውን ሲያስር ራሱንም ያስር ነበር፤ የተበዳሪው ረኃብ ከዓይኑ ሥር ነበር።

ይህን የማነሣው ስለ ዕዳ ተውኔት ለመጻፍ ተነሥቼ ገና በመጀመሪያው ትዕይንት ስለ ተሸነፍሁ ነው። ተበዳሪውን ማግኘት አላስቸገረኝም፤ እኔም ነኝ፣ ጎረቤቴም ነው። አበዳሪው ግን መልክ አልነበረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የገንዘብ ገበያ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ የዐሥር ዓመት ቦንድ ሸጠች። ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ ነበር። ገንዘቡ ለኤሌክትሪክ መስመር፣ ለስኳር ፋብሪካና ለኢንዱስትሪ ፓርክ ይውላል ተባለ። ቦንዱም እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል፤ ዋጋው በወደቀ ጊዜ በርካሽ የገዛውም በመጨረሻ ሙሉውን ይጠይቃል። እንግዲህ የነጠላውን ጫፍ ከማን ጋር ልቋጥረው?

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መንግሥት 33 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚሆነውን የስድስት ወር ወለድ ሳይከፍል ቀረ። ምክንያቱን ሲገልጽ አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ዓይን ለማየት ነው አለ፤ መንግሥታት የሆኑት አበዳሪዎች ቀደም ብለው ክፍያውን ለማቆየት ተስማምተው ነበርና። ዋናው ገንዘብ የሚመለስበት ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.ም እንዲሁ ሳይከፈል አለፈ። ያን ጊዜ «ቃል ማፍረስ» የሚለው ክስ ተሰማ።

ክሱን አላቃልለውም። ቃሉን የማይጠብቅ ሰው በመንደሩም ዋጋ የለው። ከቦንዱ በስተጀርባም የአንድ ሩቅ አገር ጡረተኛ ቁጠባ ሊኖር ይችላል። ይሁንና አንድ ነገር ይቆጠቁጠኛል። የአሜሪካ መንግሥት በዚያው ዘመን ለዐሥር ዓመት ሲበደር የሚከፍለው ወለድ እኛ ከምንከፍለው ከግማሽ በታች ነበር። ልዩነቱ ለምን ተከፈለ? «ምናልባት አይመልሱ ይሆናል» ለሚለው ሥጋት ነው። አበዳሪው የሥጋቱን ዋጋ ዓመት በዓመት ተቀብሏል፤ ክፍያው እስኪቋረጥ ድረስ ለወለድ ብቻ ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል። ታዲያ የአደጋ አበል ሲበላ የኖረ ሰው አደጋው ሲደርስ እንደ ተከዳ ሆኖ ቢጮኽ ጩኸቱን ምን ብለን እንስማው?

ለእኛም ወገን ጥያቄ አለኝ፤ ይህኛው ይበልጥ ይከብደኛል። በአገራችን ልማድ ዋስ የሚሆን ሰው አስቀድሞ ይጠየቃል። እሺ ካለ ይያዛል፤ እምቢ ካለ ይተዋል። በ2007 ዓ.ም. የተወለደው ሕፃን ግን ማን ጠየቀው? ስኳሩ ከየሱቁ ሲጠፋ «ያ ፋብሪካ ምን ደረሰ?» ብሎ ሒሳብ የሚጠይቅበት ሸንጎስ የት አለ? ያበደረው ባዕድ በጠበቃና በኮሚቴ ይናገራል። የሚከፍለው ሕዝብ ስለ ድርድሩ የሚሰማው ከዜና ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ፤ በዚያው ዕለት የዓለም የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። ቦንዱ ሲሸጥ አንድ ዶላር 20 ብር ገደማ ነበር፤ ተመኑ በተለቀቀ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንዲት ሳንቲም ሳይጨመርበት ያው አንድ ቢሊዮን ዶላር በብር ሲቆጠር ከአምስት እጥፍ በላይ ሆነ። ባለሙያዎች ይህ ለላኪው ነጋዴ የሚበጅና የዘገየ መድኃኒት ነበር ይላሉ፤ ከፊሉን አምናለሁ። ዳሩ ግን ደመወዙ በብር፣ መድኃኒቱ በዶላር የሆነ ሰው በሽተኛ ልጁን ይዞ ከፋርማሲ መስኮት ሲቆም «ዘገየ» የሚለው ቃል ሌላ ትርጉም አለው።

ተውኔቱ አሁንም እዚያው ነው። አንድ ተዋናይ የነጠላውን ጫፍ ይዞ መድረኩ መካከል ቆሟል። በስተግራ በኩል ደረጃ አሠርቻለሁ፤ እስካሁን በደረጃው የወረደ የለም።