ወገብ ነው!

የጁቤ ዛሬ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው የባሶ ገበያ የሚውልባት ነበረች። ከዓባይ ማዶ፣ ከእናርያ፣ ቡናው፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨው ይወርዳል። ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ የገበያውን ዝና የሚያወራ ይህንንም አብሮ ማውራት አለበት። ምሳሌዬን በዚያ ዘመን አስቀምጡልኝ።

አንድ የሲራራ ነጋዴዎች ቅፍለት አሞሌውን በበቅሎና በአህያ ጭኖ ወደ ዓባይ ወረደ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ውሃው ጎድሏል ተብሏል። ዓባይ ግን የአምናውን መልካ ለዘንድሮ አያቆይም፤ የክረምቱ ሙላት አሸዋውን ገፍቶ፣ ድንጋዩን አንከባሎ ይሄዳልና። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ሰው ረጅም ዘንግ ይዞ ቀድሞ ይገባል። ይህ የሽማግሌው ድርሻ ነበር።

ሽማግሌው ገና ልብሱን ሲሰበስብ፣ ከሁሉ ታናሽ የሆነው ልጅ በቅሎ ሊያጠጣ የቆመበት ዳር ተናደ። ማንም አልላከውም፤ እሱም ልግባ አላለም። ራሱን ውሃ ውስጥ አገኘው።

"ተመለስ!" አሉት ከዳር። መመለሻ አልነበረውም፤ ውሃው ወደ መሀል ይገፋዋል። ገመድ ወረወሩ፤ አልደረሰም። አዞ እንዳይጠጋው ድንጋይ እየወረወሩ ጮኹ። ልጁ ዞር ብሎ አያቸውና መጣራት ጀመረ።

"ጉልበት ነው!" አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ "ወገብ ነው! ከጥቁሩ ድንጋይ በስተግራ እንዳትመጡ፣ ገደል ነው!"

"ዝም በል፣ ትንፋሽህን ያዝ!" አሉት።

"ደረት ነው! ከእግሬ ሥር ጠጠር ነው፣ አያንሸራትትም!" ቀጥሎም "አንገት ነው!" አለ። ከዚያ በኋላ የተሰማው የወንዙ ድምፅ ብቻ ነው።

ሦስት ቀን ዳሩ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። በአራተኛው ቀን ተሻገሩ፤ ከጥቁሩ ድንጋይ በስተቀኝ፣ ጠጠር ጠጠሩን፣ አንገት ያለበት ጋ ሲደርሱ ወደ ላይ ዞር ብለው። አንድ አሞሌ እንኳ አልረጠበም።

ሲመለሱ ነጋድራሱ የልጁን ድርሻ ቆጥሮ የጁቤ ለእናቱ አደረሰ። እናት ወደ ጨው ዞርም አላለች። "ምን አለ?" ብላ ጠየቀች። አንድ በአንድ ነገሯት፤ ጉልበት፣ ወገብ፣ ደረት፣ አንገት።

"ሲጣራ ምን ብላችሁ መለሳችሁለት?"

ነጋድራሱ መሬት መሬቱን አየ። "ዝም በል አልነው፣ እሜቴ።"

የእህቴም ልጅ የጁቤ ነው ያደገው። በ9 ዓመቱ ጉሮሮውን ታመመ። ቶንሲል ነው፣ ይተወዋል አልን፤ ተወውም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጉልበቱ አበጠ፤ እሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቱ ቀጠለ። ከብት ሲጠብቅ ብርድ መትቶት ነው ብለን በቅቤ አሸነው። ነገሩን የሰማነው በ13 ዓመቱ ዳገት አልወጣ ሲለው ነው። የጉሮሮውን ባክቴሪያ ያሳድድ የነበረ ሰውነቱ ዞሮ የራሱን ልብ አቁስሎ ኖሯል፤ እንደ በር የሚከፈቱ የሚዘጉት ቫልቮች ጠባሳ ይዘው ተጨማድደዋል፤ አይገጥሙም። መጀመሪያ በጊዜው ቢታይ ፔኒሲሊን ይበቃው ነበር። ከዚያ ወዲያ በየ4 ሳምንቱ መቀመጫው ላይ ይወጋው የነበረው መርፌ ሕመሙ እንዳያገረሽ ይከላከላል እንጂ የተጨማደደውን አያቀናም። ዶክተር በላይ አበጋዝ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት መሯሯጥ ሲጀምሩ የእንዲህ ያለ ልጅ ተስፋ በአብዛኛው ውጭ አገር መላክ ነበር፤ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ከተከፈተ ወዲህ እዚሁ አገር ቤት ቀዶ ሕክምና ተችሏል። የዘገየነው እኛ ነን።

ልጁ ሲፎክር ሰምቼው አላውቅም። እኛ ጎጃሞች ፉከራ እንወዳለን፤ ጀግንነት ያለ እሱ የሚሆን አይመስለንም። እሱ ግን ይነግረን ነበር። "ትናንት እስከ ግራሩ አልደከመኝም፤ ዛሬ እስከ ቁልቋሉ ነው" ይላል። "ማታ በሁለት ትራስ አልሆነልኝም፤ ሦስት አድርጉልኝ" ይላል። ድምፁ የሚያማርር ሰው ድምፅ አይደለም፤ ከገበያ መጥቶ የእህል ዋጋ የሚናገር ይመስላል። እናቱ "ዝም በል፣ አታሟርት!" ትለዋለች። እኔም ብዬዋለሁ። አንድ ቀን "አጎቴ፣ የት እንደ ደረስኩ ነው እኮ የምነግርህ" አለኝ። ስለ ትምህርቱ ጠየቅሁት።

ሐኪሙ ግን ገና ሳይነካው "በስንት ትራስ ነው የምትተኛው?" አለው። የልጁ ፊት በራ። "በሦስት፤ ከማክሰኞ ጀምሮ" አለ። ሐኪሙ ጻፈው። ልብ ሲደክም ሳንባ ውሃ እንደሚይዝ፣ ያን ጊዜ ጋደም ማለት እንደሚያፍን፣ ትራስ መቁጠር የልብ ሐኪም የዘወትር ጥያቄ እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ዕለት ያየሁት፣ አንድ ሰው ከዳር ሆኖ ሲመልስለት ነው።

15 ዓመት ሳይሞላው በጥር አረፈ። መጨረሻ ላይ ትራሱ አራት ደርሶ ነበር፤ ቁጥሩን የነገረን እሱ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ታናሽ እህቱ ከትምህርት ቤት መጥታ "እማዬ፣ ስውጥ ያመኛል፤ ሳል የለኝም" አለች። እህቴ ሊጥ እያቦካች ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከትናንት ማታ።"

"ሰምቻለሁ" አለች። እጇን ታጠበች፤ ነጠላዋን አንሥታ ልጂቱን ወደ ጤና ጣቢያ ይዛት ወጣች። ሊጡን እኔ ከደንኩት።