ስምና ባለ ስሙ

ሰው ሲወለድ ወላጆቹ ስም ያወጡለታል፤ ሲያድግ ደግሞ ሥራው ሌላ ስም ያወጣለታል። አፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፥ ዳግማዊ አፄ ምኒልክም «አባ ዳኘው» በሚል የፈረስ ስም ይጠሩ ነበር። የዛሬ ወጣትም ወደ ኮምፒዩተር ጨዋታ ሜዳ የሚገባው ራሱ የመረጠውን ስም ይዞ ነው፤ ጨዋታውን የሚያውቁት ጥቂቶች ቢሆኑ እንኳ ያ ስም በመካከላቸው ይከበራል፥ እንጀራም እስከ መሆን ይደርሳል። እንግዲህ እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ስሙና እውነቱ የተጣሉ እንደ ሆነ ባለ ስሙ ከማን ጋር ይቆማል?

ድሪም የተባለውን አሜሪካዊ እንመልከት። ይህ ሰው ፊቱን ሳያሳይ በማይንክራፍት ጨዋታ ሚሊዮኖች ተመልካቾችን አፍርቶ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2020 ጨዋታውን በፍጥነት በመጨረስ ያስመዘገበውን ውጤት፥ ያለ ደመወዝ በፈቃዳቸው የሚሠሩ ዳኞች መረመሩት። ከመቶው አምስት ጊዜ ያህል ብቻ ሊገኝ የሚገባው ዕቃ ከ262 ልውውጥ 42 ጊዜ ደርሶት ነበር፤ ግማሽ በግማሽ ሊሆን የሚገባው ሌላ ዕድልም ከ305 ጊዜ 211 ጊዜ ቀንቶት ተገኘ። ስለዚህ ውጤቱን ሰረዙት። እርሱም በመጀመሪያ ካደ፤ በ2021 ግን ዕድሉን የሚለውጥ ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ ላይ እንደ ነበረ አምኖ፥ በጊዜው አላወቅሁም ነበር አለ። ልቡን የሚያውቀው ራሱ ነውና በዚህ እኔ አልፈርድም።

ነገር ግን አንድ ትምህርት አገኛለሁ። ፊትን መሰወር ውሸት አይደለም፤ ጭምብል ግን ፊትን ይሰውር እንደ ሆነ እንጂ ሥራን አይሰውርም። ስምም የባለቤቱ ብቻ ገንዘብ አይደለም፤ ያመኑት ሰዎች የሰጡት አደራ ነው። በትንሽ ማኅበር ውስጥ ደግሞ አደራው ይከብዳል፤ የሚያመሰግኑህ ሰዎች ሥራውን ጠንቅቀው የሚያውቁት ናቸውና።

«ስሜ እንጀራዬ ነው፤ ከወደቀ በምን እኖራለሁ?» የሚል ይኖራል። ጭንቀቱ ቀላል አይደለም። ሆኖም ስሙ እንጀራ ሊሆን የቻለው ሥራው ስለ ታመነ ነው፤ ስሙን ለማዳን ብሎ እውነቱን የሚሠዋ ሰው፥ ጥላውን ለማትረፍ ዛፉን የሚቈርጠውን ይመስላል።

ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ስምህ ሲመሰገን ደስ ይበልህ፤ ሲመረመር ግን አትቈጣ። በእውነት የሚመረምርህ ሰው የስምህ ጠባቂ እንጂ ጠላት አይደለም።