ደንቡን ጋሻ ያደረግሁበት ሳምንት



ሰው የታዘዘውን ሁሉ ሳያጓድል ፈጽሞ ሲያበቃ በደለኛ ሊሆን ይችላልን? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ባለፈው ሰኔ በዋሽንግተን ከተማ፣ በአንድ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ጽሕፈት ቤት በተለማማጅነት ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በስልክ የመጣብኝ ጥያቄ ነው። ወላጆቼ ከወሎ የመጡ ሲሆኑ እኔ ያደግሁት እዚያው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። የምማረውም የፖለቲካ ሳይንስ ነው።

ሰኞ ጠዋት ስገባ ሕግ ሲረቀቅ፣ ክርክር ሲጦፍ አያለሁ ብዬ ነበር። የተሰጠኝ ግን አንድ ጠረጴዛና አንድ ስልክ ነው። ነገሩ ሲብራራልኝ አልገረመኝም። በተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጡት አባላት 435 ናቸው። እያንዳንዱ አባል በአማካይ 760 ሺህ ያህል ሕዝብ ይወክላል። ይህን ሁሉ ሰው አንድ እንደራሴ በጆሮው ሊሰማ አይችልምና ስልኩን በብዛት የሚያነሳው እንደኔ ያለ ጀማሪ ነው። የደዋዩን ስም፣ የሚኖርበትን ዚፕ ኮድና የሚደግፈውን ወይም የሚቃወመውን ነገር ኮምፒዩተር ላይ ይመዘግባል። ደዋዩ ከምርጫ ክልሉ ውጭ ከሆነ ደግሞ፣ «እባክዎ ለራስዎ ተወካይ ይደውሉ» ብሎ በትሕትና ይሸኛል።

ይህ ደንብ ትክክለኛ ደንብ ነው። እንደራሴው አማና የተቀበለው ከመረጠው አካባቢ ሕዝብ ነው። የሌላውን አካባቢ ጉዳይ ልያዝ ቢል የራሱን ሕዝብ ጊዜ መስረቁ ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ስንት ሰው በዚሁ ደንብ እንደሸኘሁ አላስታውስም፤ ሕሊናዬም አንድም ጊዜ አልወቀሰኝም።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ አንዲት እናት ደወሉ። እንግሊዝኛቸው የተሰባበረ ነው። ገና የመጀመሪያውን ቃል ሲናገሩ የአገሬ ሰው መሆናቸውን አወቅሁ። የልጃቸው የቪዛ ጉዳይ ከዓመት በላይ እንደቆየና ይህ ቢሮ ሰው ይረዳል ሲባል ሰምተው እንደደወሉ በብዙ ድካም አስረዱኝ። ዚፕ ኮዳቸውን ጠየቅሁ። የሌላ ክፍለ ግዛት ሆነ። የተማርኩትን ዓረፍተ ነገር በጠራ እንግሊዝኛ አነበነብኩላቸው። አልገባቸውም። ደገምኩት። በመካከል ለራሳቸው በአማርኛ፣ «ያ ረቢ፣ እንዴት ብዬ ላስረዳት?» ሲሉ ሰማሁ። እኔም በዚያው በእንግሊዝኛ ለሦስተኛ ጊዜ ደገምኩት። እሳቸው ይቅርታ ጠይቀውና አመስግነው ስልኩን ዘጉ።

ለምን በአማርኛ አልመለስኩም? በቀኜም በግራዬም እንደኔ ያሉ ተማሪዎች ተቀምጠዋል። ገና አራተኛ ቀኔ ነው። «የዘመዶቿን ጉዳይ ይዛ መጣች» እንዳይሉኝ ፈራሁ። እውነቱ ይህ ነው። ነገር ግን ነፍስ ብልጥ ናትና ማታ ወደ ቤት ስመለስ ሌላ ምክንያት አቀረበችልኝ፦ «ለአገርሽ ሰው ብታደዪ ኖሮ ፍትሕ ታጎድዪ ነበር፤ ያደረግሽው ትክክል ነው» አለችኝ።

ይህ ክርክር እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ቢሮ በዝምድና ሲሠራ ምን እንደሚመጣ አዲስ አበባ ላይ ወረፋ የጠበቀ ሰው ሁሉ ያውቃል። ባለሥልጣኑ የወንዙን ልጅ በጓሮ ሲያስገባ፣ ወንዝ የሌለው ሰው በፊት ለፊት በር ቆሞ ይቀራል። ታዲያ እኔ በአማርኛ ባነጋግራቸው ኖሮ የጓሮውን በር መክፈቴ አልነበረምን?

ሌሊቱን ሳወጣና ሳወርድ አድሬ የደረስኩበት መልስ፣ «አልነበረም» የሚል ነው። ማድላት ማለት ሌላው የማያገኘውን ለአንዱ መስጠት ነው። በዚያ ሳምንት የሸኘኋቸው ደዋዮች ሁሉ ጉዳያቸው ባይያዝላቸውም ለምን እንዳልተያዘና ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ግን ተረድተው ነበር ስልኩን የዘጉት። ሳይገባቸው የዘጉት እኒያ እናት ብቻ ናቸው። ስለዚህ አማርኛው ለሁሉም የተሰጠውን ለእሳቸውም ማድረስ እንጂ ተጨማሪ ስጦታ አልነበረም። እኩልነት ለሁሉም አንድ ዓይነት ቃል መናገር ብቻ ከሆነ፣ ለማይሰማ ሰው ጮክ ብሎ ማንበብም እኩልነት ሊባል ነው።

የነፈግኋቸው ነገር ደግሞ ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ ነበር። በሚኖሩበት አካባቢ የራሳቸው ተወካይ እንዳላቸው፤ የምክር ቤቱ መቀመጫ የሚከፋፈለው በነዋሪው ሁሉ ቁጥር እንጂ በዜጎች ቁጥር ብቻ ስላልሆነ ዜግነት ባይኖራቸውም ጉዳያቸውን ማቅረብ እንደሚችሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ምክንያት የፈቃድ ፎርም ላይ መፈረም እንደሚያስፈልግ፤ ተወካዩም ኤምባሲውን ፋይሉ ምን ደረጃ ላይ እንዳለ መጠየቅ እንጂ ቪዛ እንዲሰጥ ማዘዝ እንደማይችል። ይኸው ነው። ይህን ሁሉ በሦስት ቀን ሥልጠና ተምሬው ነበር። ለአንድ ለሚያስፈልገው ሰው በሚገባው ቋንቋ ለመናገር ግን አፈርኩ።

ዓርብ ጠዋት የክፍሉን ኃላፊ፣ «ለሚደውሉ ሰዎች በአማርኛ መልስ መስጠት ይፈቀድልኛል?» ብዬ ጠየቅሁ። ሰውየው በመገረም አየኝና፣ «ማን ከለከለሽ?» አለኝ። ማንም። ከዚህ የበለጠ የሚያሳፍር መልስ ሰምቼ አላውቅም። ደንቡ ጉዳያቸውን እንዳልይዝ ከልክሎኛል፤ ቋንቋዬን እንድደብቅ ግን አላዘዘኝም። የደንቡ ወሰን ካበቃበት ጀምሮ የነበረው ዝምታ በሙሉ የኔ ነበር። እኔ ግን ደንቡን እንደ ጋሻ ይዤ ከኋላው ቆሜ ነበር።

ከምርጫ ክልላችን ውጭ የሆነ ደዋይ ስልኩ አይመዘገብምና እኒያን እናት ፈልጌ ላገኛቸው አልቻልኩም። መጸጸት አለ፤ መካስ ግን ሁልጊዜ አይገኝም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት በአማርኛ የመለስኳቸው ስልኮች ጥቂት ነበሩ። አጠገቤ ከነበሩት ተማሪዎች አንዱም አልሳቀም፤ እንዲያውም አንዷ ሰላምታችንን አስተምሪኝ አለችኝ። የፈራሁት ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ውድ አንባብያን፣ ከመካከላችን በመስኮት በኩል ሰው የሚያስተናግድ፣ ፋይል የሚያገላብጥ፣ ስልክ የሚያነሳ ብዙ ነው። «ደንቡ አይፈቅድም» ስንል እውነት የምንናገርበት ጊዜ አለ። ደንቡ ዝም ብሎ ሳለ በስሙ የምንናገርበት ጊዜም አለ። ሁለቱን የሚለየው ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ባለጉዳይ አይደለም፤ እሱ ደንቡን አያውቀውም። የሚያውቀው ከወዲህ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። አማናውም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ወሰላም።